የተለየው ድስት

በደሴ የምንኖር፣ ጽሑፍ የምንወድና አልፎ አልፎም የምንሞክር ጥቂት ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን የጻፍነውን የምናነብበት ክበብ አለን። ባለፈው ዓመት በምግብና በማንነት ላይ ያተኮረ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል በጋራ ለማሳተም ተስማምተን ረቂቆች መቀበል ጀመርን፤ ከአርታኢዎቹ መካከል እኔም ስላለሁበት የመጣውን ሁሉ አንብቤአለሁ። መጽሐፉ ገና ማተሚያ ቤት ስላልደረሰ ይህ ጽሑፍ ማስታወቂያ አይደለም። ረቂቆቹን ሳነብና በየስብሰባው ስንከራከር ስለ ራሳችን ማዕድ ያስተዋልኩትን፣ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ግን ቦታ የማይኖረውን ነገር እዚህ ላስፍረው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የመጡት ታሪኮች ከደራሲዎቻቸው ስም በቀር እምብዛም አይለያዩም ነበር። ቡና ይቆላል፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ዕጣኑ ቤቱን ያውደዋል፤ ሙስሊሟና ክርስቲያኗ ጎረቤታሞች ረከቦቱን ከበው ይጫወታሉ፤ ከአቦል እስከ በረካ አንድ ክፉ ቃል ሳይወጣ ታሪኩ በምርቃት ያልቃል። የተጻፈው ሐሰት ነው አልልም። በየቀኑ የምናየው ነው፤ ይህን በምጽፍበት ሰዓት እንኳ ጎረቤት ቡና ጠርተውኛል። ነገር ግን ወሎ የፍቅር አገር መሆኑ በዘፈኑም በበዓሉ ንግግርም ዘወትር ስለሚነገረን፣ ስለ ራሳችን ስንጽፍ የምናውቀውን ትተን የሚባልልንን መድገም ለምዶብናል። ልብ ወለድ ደግሞ ማንም በማይቸገርበት ቤት ውስጥ ብዙ አይቆይም።

ጥሩዎቹ ታሪኮች በኋላ መምጣት ሲጀምሩ አንድ የሚጋሩት ነገር ነበራቸው፤ በሁሉም ውስጥ አንድ የማይበላ ሰው አለ። ማዕድ ቀርቦለት፣ «ብላ እንጂ፣ በሞቴ» ተብሎ፣ እጁን የሚሰበስብ ሰው። በእምነቱ፣ በጾሙ፣ በኩራቱ፣ በቂሙ ወይም በትዝታው የተነሣ የማይቆርስ ሰው። የሰው ማንነት በሚወደው ወጥ ይታወቃል የሚለውን ሐሳብ ያስጣለኝ ይህ ነው፤ ዶሮ ወጥ ማን ይጠላል? እጁን በሰበሰበበት ቅጽበት ግን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማንን እንደሚፈራ፣ ለማን እንደታመነ ሁሉ አንድ ላይ ይወጣል።

በእኛ አገር እጅ የሚሰበሰብበት ዋናው ቦታ ሥጋ ነው። በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን የሚኖሩት በአንድ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩም አሉ። የራሱ ስም ከአንዱ፣ የአባቱ ስም ከሌላው ሃይማኖት የሆነ ሰው፣ አጎት ሼህ አክስት መነኩሲት የሆኑበት ቤተሰብ እዚህ ብርቅ አይደለም። ሥጋ ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም ወሰኑን ያውቃል። ሙስሊሙ በቢስሚላህ የታረደውን፣ ክርስቲያኑ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን ይበላል፤ ሥጋ ቤቶቻችንም በራፋቸው ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ያደርጋሉ። ስለዚህ ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚሆነውን በግ ወይም ፍየል ከነሕይወቱ ያስረክባቸዋል፤ እነርሱም በራሳቸው ሰው አሳርደው፣ በራሳቸው ቢላዋና ድስት ሠርተው፣ በተለየ ድንኳን ወይም ለእነርሱ በተለየው ወገን ይስተናገዳሉ። ሙስሊሙ ሲደግስም እንዲሁ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን አይቶ መለያየት ነው ቢል አይፈረድበትም። ደጋሹ ቤት ውስጥ ያደረ ሰው የሚያየው ግን ሌላ ነው፤ እናትየው ከራሷ ወገን እንግዶች ይልቅ የምትጨነቀው «የእነርሱ በግ አነሰ እንዳይሉን፣ የእነርሱ ቅቤ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ድስቱን ማንም እንዳይነካብኝ» እያለች ነው። ልዩነቱን የሚጠብቀው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱም ይጠብቅለታል።

ይህ ሥርዓት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ከደሴ ወጣ ብሎ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰብሳቢነት በተካሄደው የሃይማኖት ጉባኤ ማግሥት የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲገደዱ፣ ከወሎ ገዢዎች አንዱ የነበሩት ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ከተጠማቂዎቹ መካከል ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም የሚባሉ እንደነበሩ እስከ ዛሬ ይነገራል። በዚህ አገር እምነት መለወጥ ማለት ከጥምቀቱ ቀጥሎ የምትበላበትን ቢላዋ መለወጥ ነውና፣ ቀንና ማታ የሚለው አነጋገር በየቤቱ ጓዳ ምን ማለት እንደነበር መገመት አያዳግትም። እኒያው ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው ነገሡ፤ በደሴ ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽም ግብር ይበላበት ነበር። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከዙፋን እንዲወርዱ ሲወሰን ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ እስላም ያረደውን ሥጋ ይበላሉ የሚል ነበር፤ ልክ በወሩ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። እርግጥ ነው፣ የሥልጣን ሽኩቻው ሌላ ብዙ ምክንያት ነበረው። ይሁንና ሕዝብ ፊት ቆሞ ንጉሠ ነገሥት ሊሆን የታጨን ሰው ለመክሰስ ሥጋ በቂ ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ፣ ጉዳዩ የምግብ ምርጫ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ያደርገዋል። (አንድ ወዳጃችን በአይጠየፍ አዳራሽ ስለተደረገ ግብር ታሪክ ሞክሮ ነበር፤ ከካባና ከጋሻ መግለጫ ሳይወጣ አለቀበት።)

መድበሉን ያዳነው በእኔ አስተያየት የአንዲት የክበባችን አባል ታሪክ ነው። ክርስቲያን የሆነች ምራት አልጋ ላይ የዋሉ ሙስሊም አማቷን ታስታምማለች። ባልየው በሥራ ምክንያት ሩቅ ነው። ምራትየዋ ለአማቷ የሚሆነውን ሥጋ የጎረቤት ልጅ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ያመጣላታል፤ ለብቻው በተቀመጠ ቢላዋ ትከትፋለች፤ ለብቻው በተቀመጠ ድስት ትሠራለች፤ ጨውና በርበሬውን መቅመስ ስለማትችል በማሽተት ብቻ እየለካች ታወጣዋለች። አማቷ አንድም ቀን ድስቱ ተቀላቅሎ ይሆን ብለው አይጠይቁም። ታሪኩ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የፍቅር መግለጫ የለም። ከዚያ አማትየዋ ያርፋሉ፤ ለቀስተኛው ይበተናል፤ ምራትየዋ ድስቱን ምን እንደምታደርገው ግራ ይገባታል። ልትጠቀምበት አትችልም፣ ልትሰጠው አልሆነላትም፣ ልትጥለው ነውር መሰላት።

በዚህ ታሪክ ላይ አንድ ሙሉ ስብሰባ ተከራከርን። አንዱ ወጣት ባልደረባችን «መጨረሻ ላይ በዚያው ድስት ሠርታ ብትበላበት ምን አለበት? ግድግዳው ፈረሰ ማለት ነው፤ አንባቢም ይረካል» አለ። ደራሲዋ ረጋ ብላ «ብትወዳቸው እኮ ነው ድስቱን ያልነካችው። ከሞቱ በኋላ ብትበላበት ሲጠብቁት የኖሩትን ነገር አፈረሰችባቸው ማለት አይደለም ወይ?» ስትል መለሰችለት። በዕድሜ የሚበልጡን፣ ለብዙ ዘመን አማርኛ ያስተማሩ ጋሼ ደግሞ «ልጆች፣ ድስቱን ተዉላት። አንባቢ መርካት ከፈለገ ምሳውን በልቶ ያንብብ» ብለው አሳቁን። እኔ ከደራሲዋ ጋር ነኝ። አብሮ መኖራችንን ለማሳየት ልዩነቱ መጥፋት አለበት የሚል ሐሳብ በቅን ልቡና የመጣ ቢሆንም፣ የወሎን ሰው ጥበብ ይሰርዝበታል። ጥበቡ ልዩነቱን ሳያፈርሱ፣ በልዩነቱ ላይም ቂም ሳይዙ፣ ዘመን ተሻግሮ ማስተናገድ ነው። ይህ ደግሞ ድካም አለው፣ አንዳንድ ጊዜም ይከሽፋል፤ ሲከሽፍ የሚያሳይ ታሪክም መድበሉ ውስጥ እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ከሥጋ ወዲያ ያለው ማዕድ ቀለል ይላል። ሽሮውና ምስሩ አራጅ ስለሌላቸው የሁሉም ናቸው። በጾም ቀን የክርስቲያኑ ማዕድ ለሙስሊሙ እንግዳ ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሆናል፤ ጾሙ የሚከለክል ሆኖ ሳለ ማዕዱን የሚያሰፋው እርሱ መሆኑን ማንም በቃል አይናገረውም እንጂ እንግዳ የሚጋብዙ ሴቶች ሁሉ ቀኑን የሚመርጡት ይህን አስበው ነው። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ቀን፣ ሲገቡ በደሴ ጎዳናዎች ላይ ለማፍጠሪያ የሚጠበሰው የምስር ሳምቡሳ ለሁለቱም ጾመኞች ይሸጥ ነበር። ከዚህ የተነሣ አንድ አጭርና ደስ የሚል ታሪክ ደርሶናል፤ ባለሳምቡሳዋ ደንበኞቿን በሚመጡበት ሰዓት ትለያቸዋለች፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቅ የሚለውንና የመግሪብ አዛንን የሚጠብቀውን። ታሪኩ ሁለት ገጽ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢሄድ ይበላሽ ነበር።

የአየር ጠባይ ልዩነትም በረቂቆቹ ውስጥ ገብቷል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ ሐረጎን ወርደው ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት የሚያገኟት ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። በደጋው ገብሱ፣ በቆላው ማሽላውና ዘንጋዳው ይበላል፤ በደሴ ብርድ ኩፍ ለማለት የሚያመነታ ሊጥ ኮምቦልቻ ላይ ቶሎ ይነሣል። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልትቀጠር ከደጋ የወረደች ወጣት ከሌሎች ሠራተኞች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ተራዋ ደርሶ የመጀመሪያውን እንጀራ ስትጋግር ሊጡ ይኮመጥጥባታል፤ የቤቱ ልጆች «የደሴ ልጅ እንጀራ አትችልም» ብለው ይስቁባታል። ደራሲው ወንድ ነው፤ እንጀራ ጋግሮ እንደማያውቅ ከአንቀጹ ያስታውቅ ስለነበር አብሲት መጣልን የሚያውቁ እህቶች አርመውለታል።

ይህን ካነሣሁ አይቀር፣ ከወንዶቹ ረቂቆች አብዛኞቹ ምግብን ያገኙት ከቀረበ በኋላ ነው። ትሪው ይመጣል፣ ሽታው ይገለጻል፣ እናት ትታወሳለች። በሴቶቹ ረቂቆች ውስጥ ግን ጭስ አለ፣ የሚለበልብ ምጣድ አለ፣ እንግዳው ቶሎ ይመጣ ይሆን የሚል ስሌት አለ፣ ለሁሉም ደርሶ ለራሷ ያልተረፈላት ሴትም አለች። የማትበላ ሰው ያልኩት እርሷንም ይጨምራል።

በጣም የከበደን ርእስ ረሃብ ነው። ዓለም ወሎን ያወቀው በማዕዱ አይደለም፤ በማዕዱ መታጣት ነው። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. የደረሰው እልቂት በውጭ ጋዜጠኛ ካሜራ ተቀርጾ ወጣ፤ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ ደግሞ ያው ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የተራበውንና የጠገበውን ጎን ለጎን ማሳየት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያን ያህል የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በዚያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ከነበረችው ከኮረም የወጣው ምስል ዓለምን አዞረ። ሁለቱም ጊዜ እውነቱ መነገሩ ተገቢ ነበር። ለእኛ የቀረልን ግን አንድ ዓይነት ፊት ነው፤ ስም የሌለው፣ ከየት መንደር እንደመጣ የማይታወቅ፣ ከመራቡ በፊት ምን ይወድ እንደነበር ማንም ያልጠየቀው ፊት። ስለዚህ በመድበሉ ውስጥ የረሃብ ቀጠናን የሚገልጽ ታሪክ እንዳይኖር፣ ይልቁንም ረሃቡ ካለፈ በኋላ በሰዎች ልማድ ውስጥ የቀረውን እንድንፈልግ ተስማማን።

የተገኘውም ብዙ ነው። በአንዱ ታሪክ ውስጥ አያትየው በጥጋብ ዘመንም የቆሎ ቋጠሮ ከወገባቸው አይፈቱም፤ የልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ ሊፈቱላቸው ሲሞክሩ የሚፈጠረው ነገር ነው ታሪኩ። በሌላው ውስጥ አንድ አባት ልጆቹ በልተው ሳይነሡ አይቆርስም፤ ልጆቹ ክብር ይመስላቸዋል፣ ሚስቱ ብቻ ምክንያቱን ታውቃለች፤ ደራሲውም ለአንባቢ ሳይነግረው ይጨርሳል። ደጋግሜ ያነበብኩት ግን የሠፈራው ታሪክ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለት ዓመት ገደማ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከሰሜን ወደ ኢሉባቦር፣ ወለጋ፣ ከፋና መተከል ሲጓጓዝ ትልቁን ድርሻ የያዘው የወሎ ሰው ነበር። የታሪኩ ባለቤት እዚያ የተወለደ ልጅ ነው። እናቱ የማሽላ እንጀራ እያለመች በቆሎና ጎደሬ አብልታ አሳድጋዋለች። አድጎ ወደ ዘመዶቹ ሲመለስ እናቱ ስታለቅስለት የኖረችው እንጀራ ቀረበለት፤ ጉሮሮውን አልወርድ አለው። ዘመዶቹ «አገርህ እኮ ነው፣ ብላ» ይሉታል። እዚያ ሰፋሪ ይባል ነበር፣ እዚህ ደግሞ የጎደሬ ልጅ ተባለ። ማንነት በምግብ ይወረሳል ብለን መድበል ስናዘጋጅ፣ ይህ ልጅ መጥቶ የእናት ናፍቆት ለልጅ እንደማይተላለፍ ነገረን። በቅደም ተከተሉ ውስጥ ከመካከል እንዲገባ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ያሉት ታሪኮች የሚያምኑትን ከዚያ በኋላ ያሉት እንዲጠራጠሩ።

በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን በኩል የተፈናቀለው ሰው በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልሎ ሳለ የሰፈር ሴቶች በየተራ እየሠሩ ያበሉ ስለነበረበት ጊዜ የተጻፈ ረቂቅም አለ። ብዙዎቻችን በውስጡ ስላለፍን ገና በእርጋታ ልንፈርደው አልቻልንም። ለሁለተኛ መድበል ይቆይ የሚለው አስተያየት ያመዘነ ይመስለኛል።

ስለ ቡና ያለኝ ቅሬታ ደግሞ ቡናን ከመጥላት የመጣ አይደለም። ቡና የሁላችን መለያ ነው ብለን የምንጽፈው ከጥንት የነበረ እያስመሰልን ነው። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብላ ትከለክል ነበር፤ ክልከላው የላላው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የዛሬዋ ክርስቲያን ባለጀበና ቅድመ አያት ቡና በመጠጣቷ ንስሐ አባቷ ፊት ልትቀርብ ትችል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅ ጸሐፊ የሁለት ጎረቤታሞች ቡና ሲጽፍ ቢያንስ አንድ አሮጊት በጥርጣሬ ስኒውን ስታይ ያሳየናል። እስካሁን አልመጣችም።

የሽፋኑ ሥዕል ጀበና ይሁን ሲባል የተቃወምኩት በዚህ ብቻ አይደለም። ጀበናውንም ድስቱንም ምጣዱንም የሚሠሩት ሸክላ ሠሪዎች፣ ቢላዋውን የሚያወጡት ቀጥቃጮች፣ ለረጅም ዘመን ከማዕድ የተገለሉ ሰዎች ነበሩ። ሙስሊምና ክርስቲያን በተለያየ ድስት ሲበሉ ቢያንስ እየተከባበሩ ነው፤ ድስቱን የሠራችው ሴት ግን ከሁለቱም ጋር አልተጠራችም። ቡዳ ናት ተብላ ተፈራች፤ ሰው ትበላለች ተባለች። ሌላውን በላ የተባለው፣ አብሮት ማንም ያልበላው ሰው መሆኑ ነው። እስካሁን ያነበብናቸው ታሪኮች ሁሉ በእርሷ እጅ በተሠራ ዕቃ እየበሉ አንዱም ስሟን አላነሣም፤ ይህን ለስብሰባው ስናገር ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ መናገር ጀመረ። አንዱ መድበሉ ስለ ሁለቱ ሃይማኖቶች ነው፣ አናብዛው አለ። አንዷ ደግሞ አያቷ ከሸክላ ሠሪዎች ጋር ዕቃ ተቀባብለው እንደማያውቁ፣ ገንዘቡን እንኳ መሬት ላይ አስቀምጠው እንደሚከፍሉ ተናገረች።

ስብሰባው ሊበተን ሲል እስከዚያ ዝም ብላ የቆየች፣ እናቷ ሸክላ እየሠሩ ያሳደጓት ባልደረባችን ታሪኩን እኔ እጽፈዋለሁ አለች። ለእርሷ ሲባል ቀነ ገደቡን ከመስቀል በኋላ አድርገነዋል፤ ሽፋኑም እስከዚያ አይወሰንም። አንድ ነገር ግን አስቀድማ አስታውቃናለች፤ እናቷን ግብዣ የሚጠራ ጎረቤት መጨረሻው ላይ ጨምሪ የሚላት አርታኢ ካለ ረቂቁን መልሳ ትወስዳለች።